የፀሐይ መደቡ ድሬሰር

የድሬሰር ምስጋናውን መሞት የሰማሁት ከወልድያ እህል ጭኖ ከመጣ ሾፌር አፍ ነው። ሰቆጣ መናኸሪያው ጥግ ቆሜ የተላከልኝን ዕቃ ስጠብቅ፣ ሰውዬው የመኪናውን ጎማ በእግሩ እየነካካ፣ «አባቴ፣ እዚህ አገር ድሮ በሽተኛ ፀሐይ ላይ እያሰጡ የሚያክሙ ሐኪም ነበሩ ይባላል፣ እውነት ነው? ጎረቤቴ ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው» አለኝ።

«እያሰጡ» የሚለው ቃል መጀመሪያ አሳቀኝ። ሰው እንደ ገብስ ሲሰጣ ታየኝ። ከዚያ የቀረው ነገር ዘግይቶ ገባኝና ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥሁ።

«ዘመድዎ ናቸው እንዴ?» አለ ሾፌሩ ደንግጦ።

«አይደሉም። ዘበኛቸው ነበርሁ።»

በጃንሆይ ዘመን፣ አብዮቱ ሊመጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ የሰቆጣ ጤና ጣቢያ ሁለት ክፍል ያላት የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ሠራተኞቹም ሁለት ነበርን፤ እሱ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል የሚያጥብ፣ መድኃኒት የሚሰጥ አካሚ፣ እኔ ዘበኛ። ዘበኛ ይባል እንጂ የምጠብቀው ነገር ብዙ አልነበረም። ቤት እጠርጋለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ፣ በቅሎ እጭናለሁ፤ ከዝቋላና ከፃግብጂ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው የሚመጡት አገውኛ ብቻ የሚያውቁ ሲሆኑ ደግሞ አስተረጉማለሁ። በፊቱ «እርስዎ» ነበር የምለው። ስጽፈው ግን «እሱ» ማለት ይቀናኛል። ከሞተ ወዲህ የቀረበኝ ይመስለኛል፣ ይቅር ይበለኝ።

ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ትከሻው ጎበጥ ይላል። የሚለብሳት ካኪ ካፖርት እጅጌዋ አጥሮበት ሁልጊዜ አንጓው ይታይ ነበር። ማዳመጫው ጆሮውን ስለሚያመው፣ አንድ ከባድ ነገር ከመናገሩ በፊት ሁለቱን ጆሮዎቹን በመዳፉ ያሻል። እኔ እሱን አይቼ ነገሩ ከባድ መሆኑን ቀድሜ አውቅ ነበር። አፉ ላይ የማይጠፋ ቃል «ቆይ እስቲ» ነው። ሰው እየሮጠ መጥቶ «ሚስቴ ምጥ ይዟታል!» ሲለው አፉ «ቆይ እስቲ» ይላል፣ እግሩ ግን በሩን አልፎ ሄዷል።

ሌላው ቃሉ «አላውቅም» ነበር። በሽታውን ካላወቀው አላውቅም ይላል፣ ያውም ሰው ፊት። መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ በዚህ ተቀየመ። አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወስደውኝ፣ «ልጄ፣ መንግሥት ምነው የማያውቅ ሐኪም ላከብን? አዋቂው ለደሴ ደረሰው እንዴ?» ብለውኛል።

ሰቆጣ ሲገባ ከኮረም በበቅሎ፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ ይዞ መጣ። ክንድ ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ አለው፣ በእጅ የሚጨመቅ ጎማ አለው፣ በመስታወት ቱቦው ውስጥ ባዜቃ የሚባለው እንደ ብር የሚያበራ ፈሳሽ ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል። ደም ብዛት ያለበት ሰው ሲሆን ባዜቃው ከፍ ብሎ ይቆማል። በኛ አገር ደም ብዛት ሲባል ደሙ ሞልቶ ተረፈ ማለት ይመስለን ነበርና፣ አብዛኛው በሽተኛ ማጅራቱን በዋገምት ታግሞ፣ ደሙን በቀንድ አስመጥጦ፣ ሲብስበት ነበር የሚመጣልን። ድሬሰር ምስጋናው ግን በታጋሚ አይስቅም። ቁስሉን ይጠርግለትና ክንዱን ተቀብሎ ባዜቃውን ያያል።

የፀሐዩ ነገር የመጣው ከወረፋ ነው። ጠዋት ቀድሞ የደረሰ በሽተኛ ውስጥ ገብቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ያቺ ክፍል ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ እንደ ዋሻ ትበርዳለች። ዘግይቶ የመጣው ቦታ ስለሚያጣ ውጭ፣ በምሥራቅ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። አንድ ቀን ድሬሰሩ የጻፈበትን ደብተር ገልጦ፣ «ፈንታ» አለኝ፣ «ከውጭ የሚገቡት ባዜቃቸው ዝቅ የሚለው ለምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ?»

«እኔም አላውቅም። ቆይ እስቲ።»

በማግሥቱ ወረፋውን ገለበጠው። ቀድሞ የመጣ ወደ ውጭ፣ የዘገየ ወደ ውስጥ። እማማ ብሬ የሚባሉ ጨው ቸርቻሪ ነበሩ፣ የደም ብዛት ደንበኛችን፤ ምላሳቸው የሾለ ነው። እሳቸው ጮኹ፤ «ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቼ መጥቼ ወደ ውጭ?»

«ፀሐይ ይሙቁ እማማ።»

«ፀሐይማ በደጄ አለችልኝ! እኔ አንተን ብዬ ነው ዳገት የወጣሁት።»

ያን በጋ ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ከረመ። ፀሐይ የሞቀውን ይለካል፣ ጥላ ሥር የተቀመጠውን ይለካል፣ ይጽፋል። በጥላ ያረፈውም ትንሽ ይወርድለታል፣ ፀሐይ ክንዱንና እግሩን ያገኘችው ግን ይበልጥ ይወርድለታል። ሥልጠና ላይ ሳለ አንድ መምህር፣ የሳንባ በሽተኛ ፀሐይ ላይ የሚያስተኙ አገሮች አሉ ብሎት ነበር። ስለ ደም ብዛት ግን የነገረው ሰው የለም። ደብተሩን ዘግቶ እንዲህ ያለኝን አልረሳም፤ «ምናልባት ፀሐይዋ ናት። ምናልባት ዕረፍቱ ነው። ምናልባትም እኔ የምመኘውን እያየሁ ይሆናል።»

ዛሬ የልጅ ልጄ ነርስ ናት። ይህን ሳወራላት፣ ፀሐይ ቆዳ ሲነካ የደም ሥር ይላላል የሚሉ ሐኪሞች እንዳሉ፣ ክኒን የሚተካ ግን እንዳልሆነ ነገረችኝ። «አላውቅም ያሉት ልክ ነበሩ አባባ» አለችኝ። እኔም ደም ብዛት አለብኝና ክኒኔን እውጣለሁ፣ ከዚያም ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ። የትኛው እንደሚጠቅመኝ ለይቼ አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ፣ በምሥራቁ ግድግዳ ሥር እኔና እሱ ድንጋይ ደርድረን፣ ጭቃና ጭድ መርገን መደብ ሠራን። በአንዱ ጫፍ ለሴቶቹ በሰሌን ከለልንላቸው። መደቡ ፊት እንጨት ተከልን፣ ከእንጨቱ ወዲህ ድንጋይ አስቀመጥን። ፀሐይ ከፍ እያለች የእንጨቱ ጥላ አጥሮ ድንጋዩን ሲለቅ መነሣት ነው። ራስን ሸፍኖ፣ እጅጌን እስከ ትከሻ፣ ሱሪን እስከ ጉልበት ሰብስቦ መቀመጥ። ክኒን የታዘዘለትም ክኒኑን እየዋጠ ነው የሚሞቀው። «ፀሐይዋ አጋዥ ናት» ይላቸው ነበር ለሁሉም።

አሁን የኛን አገር ሰው የማያውቅ፣ ፀሐይ ሙቁ መባል ምን ያስቸግራል ይል ይሆናል። በኛ ዘንድ የታመመ ሰው ፀሐይ አይወጣም። ምች ይመታዋል። ከንፈሩ ይቆስላል፣ ራሱ ይፈነዳል፣ ያተኩሰዋል። ስለዚህ በሽተኛ ጨለማ ቤት ተኝቶ፣ ዳማ ከሴ ታሽቶለት ነው የሚከርመው። ይህ ሐኪም ደግሞ የታመመውን ከቤት አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያስቀምጣል።

በመጀመሪያው ሳምንት የማንም ባዜቃ አልወረደም። ድሬሰሩ ግራ ገባው። ወጥቶ ሲያይ መደቡ ላይ ዘጠኝ ሰው ተደርድሯል፣ ዘጠኙም ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በጋቢ ተጀቡኗል። የአንድም ሰው ዓይን አይታይም። ከየጋቢው ሥር የዳማ ከሴ ሽታ ይወጣል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«ታዘዝን፣ መጣን፣ ተቀመጥን» አለ አንዱ ጋቢ።

«ፀሐይዋ የት አለች?»

«ውጭ ናት።»

«እናንተስ?»

«እኛማ ውስጥ ነን!»

እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ ጓሮ ዞርሁ። እሱ አልተቆጣም። ካፖርቱን አወለቀ፣ ሸሚዙን አወለቀ፣ ከመካከላቸው ገብቶ የጎድን አጥንቱ እየተቆጠረ ተቀመጠ። እማማ ብሬ ከሰሌኑ ኋላ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ «ኧረ ይህን ሰውዬ የሚያበላው የለም እንዴ! ምችም ቢመጣ የሚመታው ሥጋ አያገኝም» አሉ። መደቡ ሁሉ ሳቀ። እየሳቁ አንድ እጅ ከጋቢ ወጣ፣ ሌላ እጅ ወጣ፣ እግር ወጣ። በየቀኑ ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ምች እንደማይመታው ሲያዩ ለመዱት። የፀሐይ መደብ የሚለው ስም ያን ጊዜ ወጣ።

እንግዲህ አባ ኪዳነማርያም ወደ መደቡ የመጡት በዚያ ዓመት ነው። የደብሩ ቄስ ነበሩ፣ የዜማም መምህር። ሰውነታቸው ገዘፍ ያለ፣ አንገታቸው ወፍራም፣ ድምፃቸው ደግሞ እንዴት ልበላችሁ፣ ከደብሩ ጉብታ ላይ ሲያዜሙ ገበያው ውስጥ ሆኖ የሚከራከር ሰው ክርክሩን ያቆም ነበር። ተማሪዎቻቸው ከአምደወርቅም ከላስታም መጥተው ደጃቸውን የሞሉት ያን ድምፅ ብለው ነው። አንድ እሑድ በማኅሌት ላይ ነስር አፈሰሳቸውና ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አስይዘው ወደኛ አመጧቸው። ባዜቃው ከጫፉ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ድሬሰሩ ጆሮዎቹን አሸ።

«አባ፣ ይህ ደም ብዛት ካልተያዘ አንድ ቀን አንደበትዎን ይወስደዋል።»

«አንደበቴን ከሚወስደው እኔን ይውሰደኝ» አሉ።

ነጭ ክኒን ሰጣቸው፤ በየቀኑ ጠዋት አንድ። ፀሐይም አዘዘላቸው። አባ ካባቸውን አጥፈው መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ክንዳቸውን ገልጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በለሆሳስ ያዜማሉ። እስከ ጥር መጨረሻ ነስሩ ቆመ፣ ራስ ምታቱ ለቀቃቸው። ባዜቃው ዝቅ ሲል ድሬሰሩ ከእኔ ጋር እንደ ልጅ ይደሰት ነበር።

የሁዳዴ ዋዜማ፣ በቅበላው ሰሞን አባ መጡ። የመጡበት ሰዓት ክፉ ነበር። ከፃግብጂ አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ መጥታ፣ ድሬሰሩ እጁ እስከ ክርኑ ደም ሆኖ፣ ሙቅ ውሃ ሊወስድ ብቅ ባለበት ነው ያገኙት። እኔ ባልዲውን ይዣለሁ።

«ሐኪም፣ ሁዳዴ መግባቱ ነው» አሉት። «ጠዋት ዋጥ ያልኸውን ምን ላድርገው? ቀዳሽ ነኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ጉሮሮዬን አይነካው።»

ከውስጥ ሴትዮዋ ጮኸች። እሱ ባልዲውን ከእጄ ተቀብሎ ዞረ፣ ፈገግ ብሎም፣ «አባ፣ ፀሐይ ጾም አታስፈታም! እሷን ብቻ እንዳይተዉ» አለና ገባ።

«ፀሐይ ጾም አታስፈታም» አሉ አባ ለራሳቸው። ፊታቸው ከሸክም እንደተፈታ ሰው በራ። መርቀው ሄዱ። እኔም ቆንጆ ንግግር መሰለኝ። ሴትዮዋም ልጇም ዳኑ፣ ያ ቀን የደስታ ቀን ሆኖ አለፈ።

በዚያው ጾም ዝቋላ ፈንጣጣ ገባ ተባለና ድሬሰሩ ሊከትብ ወርዶ ከስድስት ሳምንት በላይ ቆየ። አባ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ወደ መደቡ መጡ። የእንጨቱን ጥላ የምጠብቅላቸው እኔ ነበርሁ። ነጭ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ክንዳቸውን ገልጠው ይቀመጣሉ። ክኒኑን አልጠየቅኋቸውም። ዘበኛ ምን አገባው ብዬ ይሁን፣ ድፍረት አጥቼ ይሁን፣ ዛሬም ድረስ አላውቀውም።

ድሬሰሩ የተመለሰው በስቅለት ዕለት ጠዋት ነው። በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ አባ ሲሰግዱ ወድቀው አልተነሡም። ሰው ሊጠራን እየሮጠ መጣ። ስንደርስ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ደርቀዋል፣ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፣ ሊናገሩ ሲሞክሩ የሚወጣው ድምፅ ቃል የለውም። ባዜቃው ሽቅብ ወጥቶ አልወርድ አለ። ድሬሰሩ ወደ ሚስታቸው፣ ወደ እሜቴ ጥሩ ዞረ።

«ክኒኑን እየዋጡ ነበር?»

እሜቴ ጥሩ መሬት መሬት እያየች፣ «ሁዳዴ ነው እኮ» አለች።

ያን ብቻ ነው ያለችው። እሱ ጆሮዎቹን ማሸት ጀመረ፣ ማሸቱንም አልተወም። ከኪሱ ክኒን አውጥቶ ሊሰጣቸው ሲል የአባ ወንድሞች መጥተው እጁን ያዙት። «ይበቃሃል» አሉት። «ፀሐይ ላይ አስቀምጠህ በምች አስመታሃቸው። ከዚህ ደጅ እንዳትደርስ።» አውጥተውን መዝጊያውን ዘጉት።

በትንሣኤ ማግሥት ጠዋት ስመጣ የመደቡ ድንጋይ ፈርሶ ተበታትኗል። በሽተኛ ቀረ። አንዲት ልጇን ያተኮሰባት እናት እስከ በሩ መጥታ፣ ድሬሰሩን ስታይ ነጠላዋን በልጇ ላይ ጣል አድርጋ ተመለሰች። እሱ በየቀኑ ሣጥኑን ይዞ ወደ አባ ቤት ይሄዳል፣ ደጁ ይዘጋበታል፣ ይመለሳል። «በየቀኑ አንድ ክኒን ቢወስዱ ሊተርፉ ይችላሉ፣ ካልወሰዱ ሁለተኛው ይደግማቸዋል» ይለኛል። የሚያስበው ይህን ብቻ ነበር። የደብሩ ሽማግሌዎች ደግሞ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሕዝብ ፊት ሊጠይቁት ቀጠሩት። ከዚያ ለአውራጃው ጽፈው ሊያስነሡት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፈረሰውን ድንጋይ እየሰበሰብን ለመንሁት።

«ጌታዬ፣ ክኒኑን የተዉት አባ ራሳቸው ናቸው። እሜቴ ጥሩም ታውቃለች። ይህን ይናገሩና ይገላገሉ። ደጁም ይከፈትልዎታል።»

«ያልኋቸውን ሰምተሃል አይደል? በቅበላ ዕለት?»

«ሰምቻለሁ። የሰማሁ ግን እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ አልናገርም።»

«አንተ አትናገር። እኔ አፍ አለኝ።»

«ይህን ከተናገሩማ ደጁ ተዘግቶ ቀረ ማለት ነው! አባም በዚያው ቀሩ ማለት ነው!»

ድንጋዩን አስቀመጠና ቀና አለ። «እሱን ነው የምፈራው» አለኝ። «ግን ግማሹን ነግሬ ደጁን ባስከፍት፣ ነገ ደግሞ በግማሽ ቃሌ ማን ይወድቃል?»

በእሑዱ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ወይራው ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን። ግራዝማች ተሰማ የሚባሉት የደብሩ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጭራቸውን እያወዛወዙ ጠየቁት።

«ሐኪም፣ መምህራችን በምች ተመትተዋል ይባላል። ምን ትላለህ?»

«ምች አይደለም።»

ጉርምርምታ ሆነ። «ታዲያ ምንድን ነው?»

«ደም ብዛታቸው ነው። ክኒናቸውን አቁመው ነበር። ሁዳዴን በሙሉ አልዋጡትም።»

«ራሳቸው አቁመው?»

«አዎ፣ አቁመው።»

ግራዝማች ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩ፣ ሽማግሌዎቹም እርስ በርሳቸው ተያዩ። «እህ፣ ራሳቸው ካቆሙትማ…» ብለው ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ተነፈስሁ። እዚያ ላይ ዝም ቢል ነፃ ወጥቶ ነበር።

ጆሮዎቹን ሲያሽ አየሁት።

«ግራዝማች፣ አልጨረስሁም» አለ። «ከማቆማቸው በፊት መጥተው ጠይቀውኛል። ጾም ነው፣ ቀዳሽ ነኝ፣ ጠዋት ያልኸውን ምን ላድርገው ብለውኛል። እኔ ቸኩዬ ነበር። ፀሐይ ጾም አታስፈታም፣ እሷን ብቻ እንዳይተዉ አልኋቸው። ክኒኑን ተዉ አላልሁም፤ ግን የሰማ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሰማው። ከቅዳሴ መልስ ዋጡት ማለት ይቻል ነበር። አፌ ላይ የነበረች ቃል ናት። እኔም እጾማለሁ፣ ሰዓቱን አላውቅም አልልም። ሳልላቸው ቀረሁ።»

ከተማሪዎቹ አንዱ እያለቀሰ ጮኸ፤ «እንግዲያ የመምህራችንን ድምፅ የወሰድኸው አንተ ነህ በለና!»

«አዎ» አለ። «መመለስም አልችልም። ነፍሳቸውን ግን ምናልባት ልናቆያት እንችላለን፣ ክኒኑን ካገኙ። ከፈለጋችሁ እኔ አልገባም። ሌላ ሰው ይስጣቸው። ብቻ ይስጣቸው።»

የአባ ታላቅ ወንድም ከተቀመጠበት ሲነሣ ባየሁ ጊዜ፣ ሊመታው ነው ብዬ እኔም ተነሣሁ።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ ወገን እሜቴ ጥሩ ወጣች። አጭር ሴት ናት፣ በሕዝብ መካከል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። በሰዉ ፊት አልፋ ድሬሰሩ ፊት ቆመች። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታችው። ክኒኖቹ ናቸው።

«ከቅበላ ጀምሮ አንድም አልጎደለም» አለች። «ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ሲያመው አየዋለሁ፣ ማጅራቱን ይዞ ሲቀመጥ አየዋለሁ፣ ጾሙ ይለፍ ብዬ ዝም አልሁ። ይህን ሁሉ ሳምንት በምች ነው ሲሉም ዝም አልሁ። ምች ሲባል ከኔ ላይ ይወርድልኝ ነበርና።» ወደ ባሏ ወንድም ዞረች። «ተቀመጥ አያ። አንተ አልነበርህም።»

ተቀመጠ።

«ነፍሱ አለች» አለችው ድሬሰሩን። «በስንት ሰዓት ነው የምሰጠው?»

እሱ ሊናገር አፉን ከፈተና አቆመ። «ከእንግዲህ ይጾማሉ?» ሲል ጠየቃት።

«አሁንማ ሃምሳው ነው፣ ጾም የለም። ሰኔ ሲገባ ግን ይጾማል። አንደበት ባይኖረውም ይጾማል፣ ታውቀዋለህ።»

«እንግዲያ ዘጠኝ ሰዓት። ሃምሳውም ይሁን፣ ሰኔም ይሁን፣ ሁዳዴም ይሁን ዘጠኝ ሰዓት፣ ከእህል ጋር። ለዛሬ ግን ዘጠኝን አንጠብቅም። ለዛሬ አሁኑኑ ነው።»

«አሁኑኑ ካልህ ምን ያቆምሃል? ና እንጂ!» አለችውና ቀድማው ሄደች።

ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። እኔም ሣጥኑን ተሸክሜ ተከተልሁ። ከስቅለት ወዲህ በፊታችን ሲዘጋ የከረመውን መዝጊያ ራሷ ገፍታ ከፈተችልን።

አባ ኪዳነማርያም ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። ድምፃቸው አልተመለሰም፤ ተማሪዎቻቸው ሲያዜሙ በግራ እጃቸው ጭናቸውን እየመቱ ያርሟቸው ነበር። መደቡን ተማሪዎቹ ራሳቸው መልሰው ሠሩት። ድሬሰር ምስጋናውም አብዮቱ መጥቶ ወደ ሌላ አውራጃ እስኪዛወር ድረስ ከኛ ጋር ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለቄስ ይሁን ለገበሬ፣ ለሴት ይሁን ለወንድ ክኒን ሲሰጥ፣ ወረቀቱ ላይ ሰዓት ከመጻፉ በፊት ብዕሩን አንሥቶ፣ የፈለገው ሰው ቢጮህበት ሳይቸኩል፣ «እህል የሚቀምሱት በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ሰምቶ ይጽፍ ነበር።